ወደ ኮልፌ ለሥራ የምትሄድ ልጅ ሕጉንም ይዛ ትሂድ

በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ፣ አጠና ተራ የሚባል ሠፈር አለ። ስሙ እንደሚያመለክተው ከገጠር ተቆርጦ የመጣ የባሕር ዛፍ እንጨት የሚራገፍበትና የሚሸጥበት ቦታ ነው። ገበሬው ኮትኩቶ ያሳደገው ባሕር ዛፍ እዚያ ሲደርስ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ቀጭኑ ከወፍራሙ፣ ቀጥ ያለው ከጎባጣው ይለያል። ዋጋው ይቆረጣል፤ ማን እንደ ሸጠውና ማን እንደ ገዛው ይታወቃል።

አጠናው ወደሚቆምበት የሕንፃ ሥራ ግን ሌላም ከገጠር የመጣ ነገር አብሮ ይሄዳል። ይኸውም የገበሬው ልጅ ጉልበት ነው። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአየር ጤና፣ በቤተል፣ በዓለም ባንክና በካራ ቆሬ አካባቢ ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ ሲሚንቶ የሚያቦኩ፣ ውኃ የሚቀዱ፣ አሸዋና ጠጠር በባሬላ የሚሸከሙ ሴቶች ይታያሉ። ከእነዚህም ሌላ በሻይ ቤትና በምግብ ቤት የሚያስተናግዱ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ በየሱቁ የሚሸጡ፣ በየሰዉ ቤት ተቀጥረው የሚያገለግሉ አያሌ ናቸው። ከጅማና ከሆሳዕና መንገድ የሚመጡት አውቶቡሶች ወደ ከተማው የሚገቡት በዚሁ በአየር ጤና በኩል በመሆኑ፣ ብዙዎቹ ልጆች አዲስ አበባን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረግጡት በዚህ ክፍለ ከተማ ነው።

እንጨቱ ተቆጥሮ ሲሄድ ልጅቱ ግን ሳትቆጠር ትሄዳለች። በየት በኩል እንደ ሄደች፣ ማን እንደ ቀጠራት፣ በስንት ብር እንደ ተስማማች፣ በደል ቢደርስባት ወደ ማን እንደምትጮህ የሚያውቅ የማኅበር መሪ ከተገኘ ጥቂት ነው። ስለዚህም በሥራ ቦታ በሴት ሠራተኞች ላይ የሚደርሰው ወሲባዊ ትንኮሳ የከተማ ሰዎች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለሚመለከተው ግን ጉዳዩ ከገጠር ይጀምራል፤ ብዙ ጊዜም ተመልሶ ወደ ገጠር ይመጣል።

ትንኮሳው እንዴት ይጀምራል?

ወሲባዊ ትንኮሳ ሁልጊዜ በጉልበት አይጀምርም። አብዛኛውን ጊዜ በቃል ይጀምራል። ለምሳሌ ያህል አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ በቀን ሥራ ተሰማርታለች እንበል። ማለዳ ከሥራው በር ላይ ከሌሎቹ ጋር ትቆማለች። ማን እንደሚገባና ማን እንደሚመለስ በጣቱ እያመለከተ የሚወስነው ካቦው ነው። የዕለት ደመወዝ የሚጻፍበትም መዝገብ በእርሱ እጅ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያሞግሳታል። በሁለተኛው ሳምንት ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣታል። በሦስተኛው ሳምንት፣ «ነገም ሥራ ከፈለግሽ ማታ ብቅ በይ፤ እንነጋገራለን» ይላታል። እንቢ ስትል በማግሥቱ ከበር ትመለሳለች፤ ወይም የሁለት ቀን ደመወዟ ከመዝገቡ ላይ ሳይጻፍ ይቀራል።

በሻይ ቤት የምታስተናግደው ልጅ ደግሞ ከደንበኛው የሚመጣውን አጉል ንግግርና የእጅ ልክስክስነት እንደ ሥራዋ አንድ ክፍል አድርጋ እንድትቆጥረው ይነገራታል። ባለቤቱ «ደንበኛ አታስቀይሚ» ይላታል። በሰው ቤት የተቀጠረችው ልጅ ሁኔታ ከሁሉም የባሰ ነው። የምትሠራበትና የምታድርበት አንድ ቤት በመሆኑ ከሥራ በኋላ የምትሸሽበት ቦታ የላትም፤ የሚመሰክርላት የሥራ ባልደረባም የላትም።

በሦስቱም ቦታ ያለው መሠረታዊ ነገር አንድ ነው። አንደኛው ወገን የሌላውን እንጀራ በእጁ ይዟል። እንጀራውን የያዘው ሰው ያንን ሥልጣኑን ሥራን ለማዘዝ ሳይሆን ሴቲቱን ለማስገደድ ሲጠቀምበት ትንኮሳ ይሆናል። ስለዚህ የአለባበስ ወይም የአካሄድ ጉዳይ አይደለም፤ የሥልጣን ጉዳይ ነው። ሥልጣን ምን እንደሆነና ያለ አግባብ ሲሠራበት ምን እንደሚያስከትል የማኅበር መሪ ከማንም ይበልጥ ያውቃል።

ተበዳይዋ ለምን ዝም ትላለች? አንደኛ፣ የምትልከውን ገንዘብ የሚጠብቅ ቤተሰብ አላት። ሁለተኛ፣ ነገሩ ቢሰማ ነውሩ በአድራጊው ሳይሆን በእርሷ ላይ እንዳይለጠፍ ትፈራለች። ሦስተኛ፣ ሕግ መኖሩን አታውቅም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» በሚል ተረት ያደገች ልጅ በራሷ አንደበት ከሳሽ መሆን እንደምትችል የነገራት የለም። «ዝም አይነቅዝም» የሚለውም የአበው አባባል በሌላ ጉዳይ ጥበብ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጉዳይ ግን ዝምታ እንደ ክፉ ጎተራ እህል ከውስጥ ይነቅዛል። የዛሬዋ ዝም ስትል የነገዋ ተረኛ ትሆናለችና።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 የሴቶችን እኩልነት ደንግጓል። በሴቶች አካል ወይም አእምሮ ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ሕጎች፣ ወጎችና ልማዶች የተከለከሉ መሆናቸውንም ገልጿል። ከዚያ ቀደም ብሎ ኢትዮጵያ በሴቶች ላይ የሚደረገውን ልዩነት ለማስወገድ የተደረገውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1973 ዓ.ም. መጨረሻ ተቀብላለች።

ይሁን እንጂ በሥራ ቦታ የሚደርስ ወሲባዊ ትንኮሳ በስሙ ተጠርቶ በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ረጅም ጊዜ ወስዷል። በ1985 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 42ም ሆነ በ1996 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 377 ቃሉን አላነሡትም። በአዋጅ 377 መሠረት ሠራተኛው አሠሪው ሰብአዊ ክብሩንና ሞራሉን የሚነካ ድርጊት ሲፈጽምበት ያለማስጠንቀቂያ ሥራውን መልቀቅ ይችል ነበር። ተበዳይዋ ሴትም ያላት በር ይኸው ብቻ ነበር። የደረሰባት በደል «ክብርን የሚነካ» መሆኑን ማስረዳቱ የእርሷ ሸክም ሆኖ ቆይቷል።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው በ2011 ዓ.ም. በወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነው። አዋጁ በትርጓሜው ክፍል ሁለት ነገሮችን ለይቶ አስቀምጧል። አንደኛው ወሲባዊ ትንኮሳ ነው። ይኸውም ሌላውን ሰው ያለ ፈቃዱ ለወሲብ እንዲስማማ በንግግር፣ በምልክት ወይም በማናቸውም ሌላ መንገድ ማግባባት ወይም ለማሳመን መሞከር ማለት ነው። ሁለተኛው ወሲባዊ ጥቃት ሲሆን ትንኮሳው ኃይል የተጨመረበት ወይም በኃይል ለመፈጸም የተሞከረ ሲሆን ነው። እንግዲህ ከላይ በምሳሌ የተጠቀሰው ካቦ ልጅቱን በእጁ ባይነካም እንኳ «ማታ ብቅ በይ» ባለበት ጊዜ በሕጉ ትርጓሜ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

አዋጁ በአንቀጽ 14 ይህን ድርጊት በሦስት ወገን ከልክሏል። አሠሪው እንዳይፈጽመው፣ የሥራ መሪው እንዳይፈጽመው፣ እንደዚሁም ሠራተኛው በባልደረባው ላይ እንዳይፈጽመው ተከልክሏል። ይህን ድርጊት የፈጸመ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ከሥራ ሊሰናበት ይችላል።

ተበዳይዋ በበኩሏ የምታገኘው መብት በአንቀጽ 32ና ቀጥሎ ባሉት ተዘርዝሯል። ትንኮሳው ወይም ጥቃቱ በአሠሪው ወይም በሥራ መሪው የደረሰባት ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። በደሉ በባልደረባዋ ተፈጽሞ ለአሠሪው አመልክታ አሠሪው በጊዜው ተገቢውን እርምጃ ካልወሰደም መብቱ አላት። በዚህ ምክንያት ስትለቅ የሥራ ስንብት ክፍያ ይከፈላታል። ክፍያው ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ሲሆን ከዓመት በታች ያገለገለችም በሠራችው ልክ ታገኛለች። ከዚህም በላይ የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሣ ይሰጣታል። ለምሳሌ በቀን 200 ብር ይከፈላት የነበረች ሠራተኛ ካሣዋ ብቻ 18,000 ብር ይሆናል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መታወስ አለበት። በዚህ ምክንያት ሥራን ያለማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት የሚሠራው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ወይም ካቆመበት ቀን ጀምሮ ባሉት 15 የሥራ ቀናት ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ያልፋል። ልጅቱ አገር ቤት ተመልሳ፣ ዘመድ አማክራ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ እስኪመክር ድረስ ቀኑ ያልቃል። ስለዚህ ሕጉን ከበደሉ በኋላ ሳይሆን ከመንገዱ በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

«ወረቀት የለኝም» የሚለው ፍርሃትም መሠረት የለውም። የሥራ ውል በቃል ሊደረግ ይችላል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስለ ሥራው ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛዋ መስጠት አለበት። ባይሰጣት ግን ጥፋቱ የእርሱ እንጂ መብቷን አያሳጣትም። እንደዚሁም ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ወይም ክስ በማቅረቡ ምክንያት ከሥራ ሊባረር እንደማይችል አዋጁ ደንግጓል። ቢባረር ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄውን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ ይገባዋል። ሌላው ቁም ነገር ዕድሜ ነው። አዋጁ ከ15 ዓመት በታች የሆነን ልጅ መቅጠር የከለከለ ሲሆን ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን በወጣት ሠራተኛነት ለይቶ ይጠብቃቸዋል።

የወንጀል ሕጉስ?

ከካሣውና ከሥራው ጉዳይ ሌላ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አለ። የማኅበር መሪዎች ሁለት አንቀጾችን ለይተው ቢያውቁ ይጠቅማል።

አንደኛው አንቀጽ 620 ነው። አንዲትን ሴት በኃይል ወይም በማስፈራራት የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለች ከሆነች፣ ወይም በአድራጊው ቁጥጥር ሥር ያለች ወይም የእርሱ ጥገኛ የሆነች ከሆነች ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ለአካለ መጠን ካልደረሰች የቤት ሠራተኛው ጋር ያለ ኃይልም ቢሆን ይህን ድርጊት የፈጸመ አሠሪ ከሌላው የከበደ ቅጣት ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው አንቀጽ 625 ነው። ይህ አንቀጽ ጉልበት ሳይጠቀሙ በችግሯና በጥገኝነቷ መጠቀምን የሚመለከት ነው። የአንዲትን ሴት የኑሮ ችግር ወይም የመንፈስ ጭንቀት፣ ወይም በጠባቂነት፣ በአስተማሪነት፣ በጌትነት፣ በአሠሪነት ወይም በመሰል ግንኙነት ያገኘውን ሥልጣን መሣሪያ አድርጎ ከእርሷ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ የብልግና ድርጊት የፈጸመ ሰው በቀላል እሥራት ይቀጣል። ቀላል እሥራት በደንቡ ከ10 ቀን እስከ 3 ዓመት ነው። ክሱ የሚጀመረው ተበዳይዋ አቤት ስትል ነው። አቤቱታውም ወንጀሉን ወይም ወንጀለኛውን ካወቀችበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት።

በአንቀጽ 625 ውስጥ «ሥልጣን» የሚለውን ቃል የማኅበር መሪ ቆም ብሎ ሊያስብበት ይገባል። ቃሉ የከተማውን ባለ ሕንፃ ብቻ አይመለከትም። በገጠር የሴፍቲኔት የሕዝብ ሥራ ተራ የሚመድብ፣ የእርዳታ ስም ዝርዝር የሚይዝ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወረፋ የሚያስተካክል፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን መጋዘን የሚቆጣጠር ሰው ሁሉ የሌላውን እንጀራ በእጁ ይዟል። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴት ስሟ ከዝርዝሩ እንዳይሰረዝ ብላ የማትፈልገውን እንድትቀበል ከተደረገች፣ በኮልፌ ካቦው ከሠራው በምንም አይለይም።

ሕጉ ያላዳረሰው

ሕጉ ብዙ እርምጃ ቢራመድም ጎዶሎ አለበት። በመጀመሪያ፣ በሰው ቤት የተቀጠሩ ሠራተኞች በአዋጅ 1156 አይሸፈኑም። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከተፈጻሚነቱ ወሰን አውጥቶታል። ስለዚህ የ90 ቀኑ ካሣ ለቤት ሠራተኛዋ አይደርሳትም። የወንጀል ሕጉ ግን ለእርሷም ይሠራል። ከገጠር የሚወጡት ልጆች ዕድሜያቸው ባነሰ መጠን የሚገቡት ወደዚሁ ሥራ መሆኑ ሲታሰብ ክፍተቱ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መረዳት አያዳግትም።

ሁለተኛ፣ አዲስ የተቀጠረች ሠራተኛ እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ላይ ልትቆይ ትችላለች። በዚህ ጊዜ አሠሪው «ለሥራው ብቁ አይደለሽም» ብሎ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብታት ስለሚችል፣ እንቢ ማለቷን በዚህ ሰበብ የሚበቀላት አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ትንኮሳ አብዛኛውን ጊዜ ምስክር በሌለበት ይፈጸማል። ስለዚህ ቀኑንና ሰዓቱን መጻፍ፣ በስልክ የተላከውን መልእክት አለማጥፋት፣ በዕለቱ ለታመነ ሰው መናገር በኋላ በፍርድ ቤት ትልቅ ዋጋ አለው።

አራተኛው መንገዱ ነው። ሠራተኛዋ ማለዳ ወጥታ ማታ ስትመለስ በመንገድ ላይ ማን ይጠብቃታል? በመስከረም ወር 2007 ዓ.ም. አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአየር ጤና አካባቢ ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍራ ተጠለፈች። በደረሰባትም የቡድን ጥቃት ሕይወቷ አለፈ። አድራጊዎቹ ተፈርዶባቸዋል። ያ መርዶ መላውን አገር ያስለቀሰ ነበር። በዓለም የሥራ ድርጅት አማካይነት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 በጄኔቫ የጸደቀውና በ2021 ሥራ ላይ የዋለው ቁጥር 190 ስምምነት ይህንኑ የመንገድ ጉዳይ አንሥቷል። በስምምነቱ መሠረት የሥራ ቦታ ማለት ሥራው የሚሠራበት ግቢ ብቻ ሳይሆን ወደ ሥራ መሄጃና መመለሻውን፣ አሠሪው የሚሰጠውንም ማደሪያ ይጨምራል። የሚሠራውም በከተማና በገጠር፣ በተመዘገበና ባልተመዘገበ ሥራ ሁሉ ነው።

ከአንድ የሕንድ መንደር የተገኘ ትምህርት

ይህን የመሰለ ሕግ በትልልቅ ከተማ ብቻ የሚወለድ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሕንድን ታሪክ ማወቅ ይበቃዋል። በራጃስታን ክፍለ ሀገር ብሃቴሪ በምትባል መንደር ብሃንዋሪ ዴቪ የምትባል የሸክላ ሠሪ ወገን ሴት ነበረች። ከእ.ኤ.አ. 1985 ጀምሮ በመንግሥት የሴቶች ልማት ፕሮግራም የመንደር ሠራተኛ ሆና ታገለግል ነበር። በ1992 በመንደሯ ሊደረግ የነበረውን የአንዲት ሕፃን ጋብቻ ለማስቆም በመሞከሯ የተቆጡ ወንዶች ተሰብስበው ደፈሯት። በ1995 የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተከሳሾቹን በነፃ ለቀቃቸው።

ሴቲቱ ግን ዝም አላለችም። በዚሁ ጉዳይ መነሻነት የሴቶች ድርጅቶች ወደ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት አሉ። ጥያቄያቸውም፣ «ይህች ሴት የተጠቃችው በሥራዋ ላይ ነው፤ ሠራተኛዋን በሥራ ላይ የሚጠብቅ ሕግ የታለ?» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ በነሐሴ 1997 ቪሻካ በሚል ስም በሚታወቀው ውሳኔው አሠሪዎች ሁሉ የሚከተሉትን መመሪያ አወጣ። መመሪያው በ2013 ሙሉ ሕግ ሆነ። በሕጉ መሠረት 10 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ አቤቱታ የሚሰማ ኮሚቴ ያቋቁማል። ከዚያ በታች ላሉትና ለቤት ሠራተኞችም በየወረዳው ኮሚቴ ይኖራል። የአንዲት የገጠር የልማት ሠራተኛ በደልና ጽናት ለከተማዋ ጸሐፊና ለፋብሪካዋ ሠራተኛ መጠለያ ሆነ።

በኢትዮጵያም ቢሆን ሕጉ እንዲሻሻል ከደከሙት መካከል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ይገኝበታል። ማኅበሩ ከተቋቋመ ጀምሮ አቅም ለሌላቸው ሴቶች ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ሲሰጥና ሲሟገትላቸው ቆይቷል።

የማኅበር መሪዎች ድርሻ

የገበሬ ማኅበር የሚለው ስም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በገጠር ሰው አንደበት ኖሯል። ዛሬ ሥራው በቀበሌ አስተዳደሩና በኅብረት ሥራ ማኅበራቱ ቢከፋፈልም ኃላፊነቱ አልተለወጠም። ከዚያ ዘመን የተገኘ አንድ ትምህርት ደግሞ እዚህ ላይ ሊታወስ ይገባል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ያለ ጾታ ልዩነት ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ይሁንና በየማኅበሩ መዝገብ ላይ የሠፈረው ብዙ ጊዜ የአባወራው ስም ነበር። ሕጉ ሴቲቱን ቢያውቃትም መዝገቡ አላወቃትም። ሚስት ከባሏ ጋር በስሟና በፎቶግራፏ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ መግባት የጀመረችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ በአማራ ክልል ሥራው የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነበር። ሕግ በመታወጁ ብቻ ሥራ ላይ እንደማይውል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ሕጉን ሕይወት የሚሰጠው መዝገቡን የያዘው ሰው ነው።

በመሆኑም ማኅበራት በቅድሚያ ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ጉዳዮች አሉ።

በመጀመሪያ፣ ለሥራ ከቀበሌው የሚወጡ ልጆች ይመዘገቡ። ዕድሜያቸው፣ የሚሄዱበት ቦታ፣ የቀጠራቸው ወይም የወሰዳቸው ደላላ ስምና ስልክ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ። ይህ ልጆቹን ለመከልከል አይደለም፤ የሚፈልጋቸው ሰው መኖሩን አሠሪውም ደላላውም እንዲያውቅ ነው። ጠያቂ ያላትን ልጅ የሚደፍር ሰው ሁለት ጊዜ ያስባል።

ሁለተኛ፣ በየስብሰባው መጨረሻ ሕጉ በቀላል አማርኛ ይነገር። 15 የሥራ ቀናት፣ 90 ቀን ካሣ፣ 3 ወር አቤቱታ፤ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ያወቀች ልጅ ስንቋን ይዛለች። አቤቱታዋን ለማን እንደምታቀርብም ይነገራት። በመጀመሪያ ለአሠሪው ወይም ለሠራተኛ ማኅበሩ፣ ቀጥሎ በክፍለ ከተማው ላለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ለፍርድ ቤት ነው። የወንጀል ድርጊት ሲሆን በቀጥታ ለፖሊስ ታመለክታለች። በደሉ በአካሏ ላይ የደረሰ እንደሆነ ሳትታጠብና ልብሷን ሳትለውጥ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ አለባት። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ የፖሊስ ምርመራውንና የሕግ ርዳታውን በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል ተቋቁሟል።

ሦስተኛ፣ ማኅበሩ በመጀመሪያ የራሱን ቤት ይፈትሽ። የኅብረት ሥራ ማኅበሩ በመጋዘን፣ በወፍጮ ቤት፣ በቡና ለቀማ ወይም በወተት መሰብሰቢያ የሚቀጥራቸው ሴቶች ካሉ እርሱም አሠሪ ነው፤ አዋጁም ይመለከተዋል። ትንኮሳን የሚከለክል ደንብ በመተዳደሪያው ውስጥ ያግባ። አቤቱታ የሚሰሙ ሴቶችም በኮሚቴው ይመረጡ። ደመወዝና የሥራ ተራ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። ተራው በግልጽ ሲለጠፍ፣ ክፍያው በምስክር ፊት ሲሆን በድብቅ የሚጠየቅ ነገር ቦታ ያጣል።

አራተኛ፣ ሽምግልና ወሰኑን ይወቅ። ሽማግሌ የድንበር ጠብ ያበርዳል፤ ባልና ሚስት ያስታርቃል። የአስገድዶ መድፈርን ጉዳይ ግን በካሣ በሬ ወይም «ያግባትና ይለቅ» በማለት ሊዘጋው አይችልም። በአንቀጽ 620 የሚያስጠይቅ ወንጀል ቤተሰብ ታረቀም አልታረቀም ዐቃቤ ሕግ የሚከሰው ነው። በሽማግሌ ስም ወንጀል የሚሸፍን ሰው የልጅቱን መብት ብቻ ሳይሆን የሽምግልናን ክብርም ያዋርዳል።

በመጨረሻም፣ በደል ደርሶባት የተመለሰችን ልጅ መቀበል አለ። አንዲት እናት አንድ ቀን ማለዳ ወደ ሊቀ መንበሩ ቤት መጥታ፣ «ጋሼ፣ ልጄ ከኮልፌ ተመልሳለች። ምን እንዳገኛት አልነገረችኝም፤ ታለቅሳለች ብቻ» ልትል ትችላለች። ያን ጊዜ ሊቀ መንበሩ የሚመልሰው የመጀመሪያ ቃል ወሳኝ ነው። «ምን ለብሳ ነበር? ለምን ሄደች?» ካለ በሩ ይዘጋል። «አይዞሽ፤ መቼ ነው የሆነው? ቀኑ አላለፈም» ካለ ግን ሕጉ በዚያች ደቂቃ ሥራውን ጀመረ ማለት ነው።

ገበሬው ሰው ሲበድለው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ይጮኻል። ያን ቃል የሰማ ሁሉ እጁን ይሰበስባል። ወደ ኮልፌ የምትሄደው ልጅም ይህንኑ ቃል ለመጥራት መብት አላት። ሕጉ ተጽፏል፤ ቁጥሩም ዓመቱም ይታወቃል። የቀረው ልጅቱ ከመሳፈሯ በፊት ይህንን የሚነግራት፣ ስትመለስም «አለሁልሽ» የሚላት ማኅበር ነው። ከዚያው ቀበሌ ተነሥቶ አጠና ተራ የሚደርሰው እንጨት ተቆጥሮ የሚሄድ ከሆነ የገበሬው ልጅ ሳትቆጠር የምትሄድበት ምክንያት አይኖርም።